ኩላሊት ያጤሰውን

ነሐሴ፣ በፈሃሂል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ጣሪያ ላይ ምንጣፍ እናጥባለን፣ ጥላ በሌለበት።
ባሕሩ ከፎቆቹ ጀርባ እንደ ቆርቆሮ ይነዳል፤
ያፈሰስነው ውሃ አሸንዳው ጋ ሳይደርስ ይተናል።

ዙበይዳ ከጧት ወዲህ አንድ ስኒ ነው የቀመሰችው።
የእኛ ሽንት ቤት ምድር ቤት ነው፤ ቁልፉን እመቤት ነች የያዘችው።
«ሽንት ከምለምን» አለች፣ «ጥሜን ልዋጠው።»
ሳቅን። ሳቋን ሳትጨርስ
ብሩሹ ከእጇ አመለጠ፣ እሷም ተከተለች፤
እርጥቡ ምንጣፍ ላይ እንደ ሌላ ምንጣፍ ተነጠፈች።

እኔ፣ ሐይቅ ከተማ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣
ኩላሊትን በጠመኔ፣ እንደ ቦሎቄ አድርጌ የሣልኩ፣
እዚህ «ያ ቢንት» ነኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ አጣሁ።
ጣቴን ግን አንገቷ ሥር ባሳርፈው፣
ትርታዋ ቀጭን፣ ችኩል፣ እንደሚያመልጥ ሰው፣
ያ ጥቁር ሰሌዳ ዓይኔ ላይ ተመለሰ፤
የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ደረሰ።

በኩላሊቷ ደጃፍ፣ ደሙ በሚገባበት ቀጭን ቧንቧ ዙሪያ፣
ጥቂት ሕዋሳት አሉ፤ ሜርኩሪ የላቸው፣ ሌላም መለኪያ፤
የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ መገፋት።
ደሙ በኃይል ሲመጣ ተለጥጠው፣ ዝም።
ደሙ ሲደክም ግን ዝምታው አይሆንላቸውም፤
የቋጠሩትን ሬኒን ፈትተው ይለቁታል።

ሰው ሲገፋ ነው የሚጮኸው ብዬ አስብ ነበር፤
እነሱ የሚጮኹት ግፊቱ ሲቀር።
እኛስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ተገፍተን ዝም ያልን፣
ምን ሲጎድል ይሆን የምንጮኸው?
ይህን የማስበው እግሯን ባልዲ ላይ ሰቅዬ፣
ሻሼን በውሃ ነክሬ፣ ግንባሯ ላይ ጥዬ።

ሬኒን መቀስ ነው፤ ጉበት የላከችውን ረጅም ክር ይቆርጣል፤
ሳንባ ጫፉን ይከረክማል።
የቀረችው ቁራጭ፣ በዓይን የማትታይ፣
የደም ሥሩን ሁሉ ታጠብቃለች፣ እንደ መቀነት፤
ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋችውን እጢ
«ጨው እንዳይወጣ!» ትላለች፤ «ጨው ካለ፣ ውሃ የት ይሄዳል?»

እነዚያ ጥቂቶች ካልበቁስ? ይህን አላስተማርኩም፤
የያኔው መጽሐፍ ላይ አልነበረም፤
ማታ ማታ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ በስልኬ ነው ያነበብኩት።
በአንድ ቀን አይደለም። ጉድለቱ ሰንብቶ ሲከርም፣
ቧንቧው ላይ ተጠምጥሞ የኖረ ተራ ጡንቻ፣
ሥራው ማጥበቅና ማላላት የነበረ ብቻ፣
ገና ሳይወለድ የነበረውን ሙያ ያስታውሳል፤
ሬኒን መሥራት ይጀምራል።
ችግሩ ሲያልፍ
ደግሞ እንደ ወትሮው ጡንቻ።

ስኳር በውሃ በጠበጥኩ፣ ቆንጥሬ ጨው ጨመርኩ፤
በማንኪያ፣ በማንኪያ፣ ከንፈሯን አራስኩ።
ከታች እመቤቲቱ ጠራች። አንዴ። ሁለቴ።
ሦስተኛው ላይ ወረድኩ፣ እርጥብ ነው እጄ፣
«ሓድር» አላልኩም። «የሽንት ቤቱን ቁልፍ» አልኩ፤
ድምፄ የክፍል ድምፅ ነበር፣ ከኋላ ወንበር የሚሰማ፤
እኔው ራሴ ደነገጥኩ።
አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

አባቴ ሲጸልይ፣ «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የምታውቅ» ይል ነበር።
ልጅ ሆኜ፣ ኩላሊት ምን ያጤሳል? ብዬ እስቅ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዙበይዳ ግድግዳ ይዛ ወረደች።
ቆየች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣
«ቲቸር፣ ነይ እዪ» አለች፣ «ጠብታ ናት፣ እንደ ሻይ የጠቆረች!»
ጠብታ ናት፤ እሷንም ሰስተው ነው የለቀቋት፣ አልኩ።
ማን እንደሰሰተ አልጠየቀችኝም።
ቁልፉ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።